ስለ ቃር በሽታና ስለ ፕሮፌሰር ሩዶልፍ ኒሰን ሥራ



ምሳችንን ቸኩለን በልተን፣ በላዩም ቡና ደርበንበት ወደ መሥሪያ ቤታችን ተመልሰን ከጠረጴዛችን ፊት ስንቀመጥ፣ ከደረታችን አጥንት በስተኋላ እንደ ፍም የሚለበልብ ነገር ወደ ጉሮሯችን ሲወጣ ያልተሰማው ሰው በመካከላችን ብዙ አይገኝም። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቃር ነው። አንዱ ተልባ በጥብጦ ይጠጣል፣ አንዱ ወተት ይጐነጫል፣ አንዱም ከመሳቢያው ውስጥ ኪኒን አውጥቶ ያኝካል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ነገሩ ይረሳና ፋይሉ ይገለጣል። ብዙው ሰው በዚሁ ይኖራል፤ ምንም አይሆንም።

ነገር ግን በዚህ ብቻ የማይገላገል ሰው አለ። ሌሊት ጋደም ባለ ቍጥር ኮምጣጣ ውኃ ወደ አፉ እየመጣ ትንፋሽ አሳጥቶት የሚነቃ፣ ትራስ ደራርቦ ተቀምጦ የሚያድር፣ ውሎ አድሮም የጐረሰው እንጀራ ከደረቱ ላይ ቆሞ አልወርድ የሚለው ሰው አለ። ዛሬ የምንነጋገረው እንዲህ ስላለው ሕመም፣ ይልቁንም ለዚህ ሕመም መላ ስላገኘው ስለ አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ስሙ ሩዶልፍ ኒሰን ይባላል። በሕክምና ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል፤ ከዚያ ውጭ ያለነው ግን ስንኳን ሥራውን ስሙንም የሰማን ጥቂቶች ነን።

ይህን የምናገር እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሞች የጻፉትን አንብቤ ለእናንተ የማቀርብ ነኝ። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታትም ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ስለ አካሉ ጥቂት እንበል። የምንውጠው እህል ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚሄድበት መንገድ የምግብ ቧንቧ ይባላል። ርዝመቱ በአዋቂ ሰው 25 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ይህ ቧንቧ እንደ ቤታችን የውኃ ቧንቧ የገባበትን ዝም ብሎ የሚያፈስ አይደለም። ጡንቻው ከላይ ወደ ታች በተራ እየተኮማተረ ጉርሻውን ይገፋዋል፤ ስለዚህ ሰው ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ቢውጥ እንኳ ምግቡ ወደ ጨጓራው መሄዱ አይቀርም። ቧንቧው በደረት ውስጥ ከልብ በስተኋላ ያልፍና፣ ደረትንና ሆድን እንደ ግድግዳ በሚለየው ድያፍራም በተባለው ጡንቻ መካከል ባለች ቀዳዳ ወደ ሆድ ገብቶ ከጨጓራ ጋር ይገጥማል። በዚያ መጋጠሚያ ላይ እንደ በር ጠባቂ የሚሠራ ነገር አለ። ጉርሻ ሲመጣ ይለቃል፤ ካለፈ በኋላ መልሶ ይጠብቃል።

ይህ በር ጠባቂ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ጨጓራ ሥጋን የሚያልም ብርቱ አሲድ ስለሚያመነጭ ነው። ጨጓራ ራሱ ከዚህ አሲድ የሚጠበቅበት ልባስ አለው፤ የምግብ ቧንቧ ግን ይህን የመሰለ ልባስ የለውም። በሩ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይረጫል፤ የቧንቧውን ገጽ ይልጠዋል፣ ያቈስለዋል። ቍስሉ እየዳነ እየታደሰ ሲመላለስ ጠባሳ ይሆንና ቧንቧውን ያጠበዋል። ያን ጊዜ ነው ጉርሻ አልወርድ የሚለው። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ልጨምር፤ አስከሬን ከፍተው የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን በር ጠባቂ ብዙ ዘመን ፈልገው በግልጽ ሊያዩት አልቻሉም። ጡንቻው ከጎረቤቱ ጡንቻ ጎልቶ አይታይምና። ስለዚህ አንዳንዶቹ አለ፣ አንዳንዶቹ የለም ሲሉ ኖሩ።

ኒሰን የተወለደው በ1896 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በጀርመን ግዛት በነበረችው በሲሌዝያ አገር፣ ናይሰ በምትባል ከተማ ነው። ከተማይቱ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ናት። አባቱም የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ልጁ ሕክምና መማር እንደ ጀመረ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣና ዘመተ፤ በጦርነቱም ሳንባውን በጥይት ቈሰለ። ይህ ቍስል ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስበት ኖሯል። የሌላውን ሰው ደረት ሲከፍት የኖረ ሐኪም የራሱ ደረት የተበሳ መሆኑን ሳስብ ይደንቀኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርቱን ፈጽሞ በ1921 ዓ.ም. ሙኒክ ከተማ ከፕሮፌሰር ፈርዲናንድ ዛወርብሩህ ዘንድ በረዳትነት ገባ። ዛወርብሩህ በዘመኑ እጅግ የታወቀ፣ ቍጡና ግርማው የሚያስፈራ ሐኪም ነበር። ከእርሱ በፊት የሰውን ደረት መክፈት ማለት ሰውየውን መግደል ማለት ነበር፤ ደረት ሲከፈት የውጭ አየር ይገባና ሳንባ እንደ ተነፈሰ ፊኛ ይኰማተራልና። ዛወርብሩህ በ1904 ዓ.ም. የበሽተኛው ገላ በውስጡ፣ ራሱ ግን በውጭ የሚሆንበት፣ አየሩ የሳሳ ልዩ ክፍል ሠርቶ ይህን ችግር የሚያልፍበትን መንገድ አሳየ። የምግብ ቧንቧም አብዛኛው ክፍሉ በደረት ውስጥ ስለሚገኝ፣ ያለዚህ ጥበብ ሊነካ ባልተቻለም ነበር።

በ1927 ዓ.ም. ዛወርብሩህ በርሊን ወደሚገኘው ሻሪቴ ወደተባለው ታላቅ ሆስፒታል ሲዛወር ኒሰን አብሮት ሄደ። በዚያም በ1931 ዓ.ም. ኒሰን የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንድ ወገን ሳንባዋን በሙሉ አወጣ። በመጀመሪያው ሙከራ ላይ የልጅቱ ልብ ስለ ቆመ ሥራው ተቋርጦ ነበር፤ ኋላ ግን በሁለተኛው ጊዜ ተፈጸመ፤ ልጅቱም ዳነች። አንድ ሙሉ ሳንባ ወጥቶለት ሰው በሕይወት ሲኖር ይህ የመጀመሪያው መሆኑ ተመዝግቧል። ኒሰን ያን ጊዜ 35 ዓመቱ ነበር፤ የመምህሩን ወንበር ከሚወርሱት መካከል አንዱ እርሱ ይሆናል ተብሎ ቢገመት አያስደንቅም።

ነገር ግን ኒሰን አይሁዳዊ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አንድ ሕግ ወጣ፤ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የዚህን ሕግ ስም ልብ ብለን ብናየው ይገባል። ስሙ የሙያ መንግሥት ሠራተኝነትን ወደ ቀድሞ ቦታው ስለ መመለስ የወጣ ሕግ የሚል ነው። ስሙን ብቻ ያየ ሰው ስለ ዕድገትና ስለ ደመወዝ ማስተካከያ የወጣ ደንብ ሊመስለው ይችላል። ፍሬ ነገሩ ግን አይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራ፣ ከዩኒቨርሲቲና ከሆስፒታል ጠርጎ ማስወጣት ነበር። በጦር ግንባር የተሰለፉት ለጊዜው ይቆዩ ይል ስለ ነበር፣ በጥይት የቈሰለው ኒሰን ሊቆይ ይችል ነበር። ጓደኞቹ እየተባረሩ እርሱ በምሕረት መቀመጥን አልወደደም፤ አገሩን ለቅቆ ወጣ።

በዚያው ጊዜ የቱርክ መንግሥት፣ በአታቱርክ ትእዛዝ፣ የኢስታንቡልን ዩኒቨርሲቲ አፍርሶ እንደ አዲስ በማቋቋም ላይ ነበረ። ከጀርመን የተሰደዱትን ሊቃውንትም በብዛት ቀጠረ። ከእነርሱ አንዱ ኒሰን ሆነ። የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኖ እስከ 1939 ዓ.ም. በዚያ ሠራ። የውጭ ፕሮፌሰሮች ትምህርታቸውን መጀመሪያ በአስተርጓሚ ይሰጡ ነበር፤ ውላቸው ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ቱርክኛ እንዲማሩ ያስገድድ ነበር። አንዱ መንግሥት የጣለውን ሌላው መንግሥት አንሥቶ ተጠቀመበት፤ በቱርክ አገር የዘመናዊ ቀዶ ጥገና ትምህርት ከተጠናከረባቸው ዓመታት እነዚህ ይቈጠራሉ።

የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር የተጀመረው በዚሁ በኢስታንቡል ነው። በ1936 ዓ.ም. አንድ ወጣት ሰው በምግብ ቧንቧው የታችኛ ጫፍ ላይ ጠልቆ የበላው ቍስል ይዞ ወደ ኒሰን መጣ። ኒሰን የቈሰለውን ክፍል ቈርጦ አወጣና የቀረውን ቧንቧ ከጨጓራው ጋር መልሶ ሰፋው። እንዲህ ያለው ስፌት እጅግ የሚያስፈራ ነው፤ ጥቂት እንኳ ቢያፈስ በሽተኛው ይሞታል። ስለዚህ ስፌቱን ለመከለል ብሎ፣ በአጠገቡ ያለውን የጨጓራ ግድግዳ አንሥቶ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጠቀለለበት። ሐሳቡ ይኸው ብቻ ነበር፤ ስለ ቃር አላሰበም።

ሰውየው ዳነ። በሌላ ሐኪም እጅ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ኒሰን ግን የበሽተኛውን ነገር አልተወም፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም ስለ ጤናው ተከታተለ። የሰማውም ነገር አስገረመው። በር ጠባቂው ተቈርጦ የወጣለት ሰው ቃር ሊያሠቃየው ይገባ ነበር፤ በእንዲህ ዓይነት ኦፕራሲዮን ያለፉ ሌሎች ሰዎች ሁሉ በዚህ ይሠቃዩ ነበርና። ይህ ሰው ግን ቃር አልነበረበትም። ለምን? የተለየ የተደረገለት ነገር ቢኖር ያ ጥቅልል ብቻ ነበር። ኒሰን ይህን ነገር በልቡ አኖረ። ሊሠራበት ግን ገና 20 ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር።

በ1939 ዓ.ም. ኒሰን ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የሳንባው ቍስልም ተነሥቶበት ነበር። በሁለት አገር ፕሮፌሰር የነበረው ሰው በሦስተኛው አገር እንደ ገና ከዝቅተኛው ደረጃ ጀመረ፤ ኋላም በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ክፍል የሁለት ሆስፒታሎች የቀዶ ጥገና ኃላፊ ለመሆን በቃ። በዚያ ሳለ በ1948 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከመረመራቸው በሽተኞች አንዱ ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ አልበርት አይንስታይን ነበር። አይንስታይን በሆዱ ውስጥ ያለው ታላቁ የደም ሥር እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር። የተበላሸውን የደም ሥር በሰው ሠራሽ የሚተኩበት ጥበብ ያን ጊዜ ስላልነበረ፣ ኒሰን የተነፋውን ሥር ሴሎፋን በተባለው ወረቀት መሳይ ነገር ጠቀለለው። ሴሎፋን የከረሜላ መጠቅለያ የሚሠራበት ነገር ነው፤ አካል ሲነካው ዙሪያውን ጠንካራ ጠባሳ እንዲበቅል ያደርጋል። አይንስታይን ከዚያ በኋላ ከ6 ዓመት በላይ ኖሮ በ1955 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ያው የደም ሥር ፈንድቶ ሞተ። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበሉ፤ ይህ ሐኪም የደከመውን ነገር በመጠቅለል ማበርታት ልማዱ ሳይሆን አልቀረም።

በዚያን ዘመን ሌሎች ሐኪሞችም በዚህ በሽታ ላይ ይደክሙ ነበር። በ1935 ዓ.ም. በኒውዮርክ አሸር ዊንክልስታይን የተባለ ሐኪም፣ የምግብ ቧንቧ የሚቈስለው ከጨጓራ በሚመጣው አሲድ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ። በ1951 ዓ.ም. ፊሊፕ አሊሰን የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ የነገሩ ሥር ጨጓራ በድያፍራሙ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት መውጣቱ ነው በማለት፣ ጨጓራውን ወደ ታች ስቦ ቀዳዳውን የሚያጠብ ኦፕራሲዮን አወጣ። ሐሳቡ ትክክል ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ከተሠራላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጥቂት ቆይተው ቃራቸው ይመለስባቸው ነበር። ጨጓራው ያላለቀባቸው፣ ቀዳዳውም ያልሰፋባቸው ሰዎች ደግሞ ቃር ሲያሠቃያቸው ይገኝ ነበር። ለእነዚህ የአሊሰን ኦፕራሲዮን ምን ይሠራላቸዋል?

ኒሰን በ1952 ዓ.ም. ወደ ስዊስ አገር ወደ ባዝል ከተማ ተጠርቶ የዩኒቨርሲቲው የቀዶ ጥገና ኃላፊ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. አንዲት የ49 ዓመት ሴት ወደ እርሱ መጣች። ቃር ለብዙ ጊዜ አሠቃይቷታል፤ ጨጓራዋ ግን ከቦታው አልተነሣም፤ የሚሰፋ ቀዳዳ አልነበረም። ያን ጊዜ ኒሰን የኢስታንቡሉን ሰው አስታወሰ። የጨጓራዋን የላይኛ ክፍል ከኋላ በኩል አዙሮ በምግብ ቧንቧው የታችኛ ጫፍ ዙሪያ እንደ አንገት ልብስ ጠመጠመውና በፊት ለፊት በጥቂት ስፌት አያያዘው። ምንም ነገር አልተቈረጠም፤ ምንም ነገር አልወጣም። ሴቲቱ ዳነች። በሚቀጥለው በ1956 ዓ.ም. በስዊስ የሐኪሞች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ ርእሱም ይህ ቀላል ኦፕራሲዮን መሆኑን የሚናገር ነበር።

ጥቅልሉ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ልስጥ። እህል የተሞላ ስልቻ አስቡ። ስልቻው ሲጨቈን እህሉ በአፉ ሊወጣ ይገፋል። አሁን ግን የስልቻው ቆዳ ራሱ ተዘርግቶ በአፉ ዙሪያ የተጠመጠመ ቢሆን፣ ስልቻው በተጨቈነ መጠን በአፉ ዙሪያ ያለው ቆዳም ያን ያህል ይነፋና አፉን ይዘጋዋል። ጨጓራም እንዲሁ ነው። በምግብና በአየር ሲወጠር ጥቅልሉም አብሮ ይወጠርና የቧንቧውን ጫፍ ይጭነዋል። ገፊው ኃይል ራሱ በሩን ይዘጋል ማለት ነው። ከላይ የሚመጣው ጉርሻ ግን የቧንቧው ጡንቻ እየገፋው ያልፋል።

ደግሞም ኒሰን ጽሑፉን ባወጣበት በዚያው በ1956 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በተባለው ሕክምና ቤት ቻርልስ ኮድና ባልደረቦቹ ቀጭን ቱቦ ወደ ሰው ምግብ ቧንቧ አስገብተው ግፊቱን ለኩ። በታችኛው ጫፍ ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ ዘወትር የሚጨብጥና በመዋጥ ጊዜ ብቻ የሚለቅ ክፍል አገኙ። ለዓይን ያልታየው በር ጠባቂ በመለኪያ ተገለጠ። ኒሰን በእጁ የሠራውን ነገር ሌሎች በቍጥር አረጋገጡለት ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ኦፕራሲዮኑ ነቀፋ የሌለበት አልነበረም፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። በመጀመሪያ የተሠሩት ጥቅልሎች ረጃጅምና ጠባቦች ነበሩ። ቃሩ ጠፋ፤ ነገር ግን አንዳንዱ በሽተኛ መዋጥ ተቸገረ፤ አንዳንዱም ማግሳት አልቻለም፤ ቢታመም እንኳ ማስመለስ አቃተው። የዋጠው አየር በሆዱ ተቈጥሮ ሲነፋው ይውላል። ከድግስ ላይ በልቶ ሳያገሳ የሚነሣ ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ ለአበሻ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ የኒሰን ደቀ መዝሙር ማሪዮ ሮሴቲ የጨጓራውን የፊት ግድግዳ ብቻ በመጠቀም ሥራውን አቀለለ። ፈረንሳዊው አንድሬ ቱፔ በ1963 ዓ.ም. ቧንቧውን ዙሪያውን ሳይሆን በከፊል ብቻ የሚከብ ጥቅልል አወጣ። ኋላም አሜሪካዊው ቶም ዲሜስተር ጥቅልሉ ልል፣ ርዝመቱም ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ብቻ ቢሆን እንደሚበቃ አሳየ።

ይኸው ዲሜስተርና ባልደረባው ሎውረንስ ጆንሰን በ1974 ዓ.ም. ሌላ ታላቅ ነገር አበርክተዋል። በአፍንጫ በኩል ቀጭን መለኪያ ወደ ምግብ ቧንቧ አውርደው፣ ሰውየው ሲበላ ሲሠራ ሲተኛ ለ24 ሰዓት አሲዱ ስንት ጊዜ እንደሚወጣና ምን ያህል እንደሚቆይ መዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ በበሽተኛው ቃል ብቻ ተመርቶ ቢላዋ አያነሣም። በእኔ አስተያየት ይህ መለኪያ ብዙ ሰው ከማያስፈልገው ኦፕራሲዮን አድኖታል።

ኒሰን በ1967 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ፤ በ1969 ዓ.ም. ብሩህ ገጾች፣ ጨለማ ገጾች የሚል ስም ያለው የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ በ1981 ዓ.ም. በባዝል አጠገብ ዐረፈ። ከ10 ዓመት በኋላ በ1991 ዓ.ም. ቤልጅጋዊው በርናርድ ዳልማኝ ሆድን በሰፊው ሳይከፍት፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ ይህንኑ የኒሰንን ኦፕራሲዮን ሠራ። ዛሬ በሽተኛው ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኦሜፕራዞል የተባለው መድኃኒትና ወገኖቹ ጨጓራ አሲድ እንዳያመነጭ አጥብቀው ስለሚከለክሉ፣ አብዛኛው የቃር በሽተኛ ቢላዋ ሳይነካው ይድናል። መድኃኒቱ ግን አሲዱን ያጠፋል እንጂ በሩን አይጠግንም፤ ውኃው መውጣቱን አይተውም። ስለዚህ ኦፕራሲዮን ዛሬም የቀረላቸው ሰዎች አሉ፤ መድኃኒት እየወሰዱ ፈሳሹ ወደ አፋቸውና ወደ ሳንባቸው የሚመጣባቸው፣ ወይም ዕድሜ ልካቸውን ኪኒን ለመዋጥ የማይፈልጉ ናቸው።

ኪኒን ብቻ እየዋጡ ዝም ማለት የማይገባበትም ጊዜ አለ። ምግብ ሲዋጥ የሚቆም ከሆነ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ትውከት ላይ ደም ከታየ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቈረ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ በመመልከቻ ቱቦ መታየት ነው እንጂ ተልባ መበጥበጥ አይበቃም። ለብዙ ዓመት በአሲድ ሲቃጠል የኖረ የምግብ ቧንቧ የውስጥ ገጹ እየተለወጠ ሊሄድ ይችላል፤ ይህንም ለውጥ በ1950 ዓ.ም. ስለዚሁ ነገር በጻፈው በእንግሊዛዊው ሐኪም ስም የባሬት ቧንቧ ይሉታል። ከዚያ ከተለወጠው ገጽ ላይ፣ ምንም እንኳ በጥቂቶች ላይ ቢሆን፣ ነቀርሳ ይነሣል። በአገራችን በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ ግን ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ከቃር የሚመጣ አይደለም። ምልክቱ ግን ያው የመዋጥ ችግር ስለሆነ፣ ጉርሻ አልወርድ ያለው ሰው የትም አገር ይኑር ሳይዘገይ ይታይ።

የኒሰን ኦፕራሲዮን የተሠራለት ሰው ምን ይበላል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጥቅልሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚያብጥ አጥሚት፣ ሾርባና በደንብ የላመ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። ደረቅ ዳቦና ቁራጭ ሥጋ እብጠቱ እስኪጐድል ይቆዩታል። ጋዝ ያለበት መጠጥም እንዲሁ ነው፤ የዋጠውን አየር መልሶ ማውጣት ለጊዜው ያስቸግረዋልና።